ስለ ሙጬ ለቅሶ ንስሐ አልገባም

ቆብ ልጭን ብዬ ቤተ ልሔም ገዳም የገባሁ ሰሞን፣ የነፍስ አባቴ መምሬ ገብሬ ከግራር ሥር አስቀመጡኝና፣ «የሺ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ሙሾ ስታወርጂ ኖረሻል። ፊት ታስነጪ፣ ደረት ታስደቂ ነበር። ይሄ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የከለከለችው ነው። በይ፣ ከመመንኮስሽ በፊት ንስሐ ግቢ» አሉኝ።

«እሺ አባቴ፣ እገባለሁ» አልኳቸው። «ከአንዲቱ ለቅሶ በቀር።»

«የትኛዋ?»

«የሙጬ።»

መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። የሙጬን ለቅሶ ታች ጋይንት ውስጥ የማያውቅ የለም። እሳቸውም ያኔ ጎረምሳ ዲያቆን ነበሩ፤ ሜዳው ላይ ቆመው በጆሯቸው ሰምተዋል። ኋላ ቀና ብለው፣ «እሷማ ዋናዋ ናት! ሹም የተዳፈርሽባት፣ ያልተጠመቀች ሴት ያወደስሽባት። እሷን ሳትናዘዢ ቆብ የለም» አሉኝ።

ወይ ጉድ! እንግዲህ እኔ የሺ ደግሞ ሞኝ ነኝ፣ የያዝኩትን አልለቅም። ሥራዬን ከመነሻው ላውራና ፍርዱን ሰሚ ይስጥ።

ሥራዬ አስለቃሽነት ነበር። ዛሬ ሥራው ቀርቷል ማለት ይቻላል። ንፋስ መውጫ ከተማ ሰው ሲሞት ድምፅ ማጉያ ይከራያሉ፤ ከማን አፍ እንደወጣ የማይታወቅ የተቀዳ ለቅሶ ይለቁበታል። ለገበሬውም ያው፣ ለነጋዴውም ያው። ሟቹ ማን እንደሆነ ማጉያው ምን ያውቃል? እኔ በነበርኩበት በጃንሆይ ዘመን ግን፣ ሰው ከሞተ መጀመሪያ የሚጠራው ቄስ፣ ቀጥሎ አስለቃሽ ነበር። አንዳንዱማ ከቄሱም እኔን ያስቀድም ነበር፤ ይቅር ይበለው።

ትውልዴ እስቴ ነው። ታች ጋይንት ያመጣኝ ትዳር ነው፣ ትዳሩም አልሰመረልኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሜቴ ብርቄ ናቸው። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ምላሳቸው ስለት የሆነ ሴት ነበሩ። ከእስቴ እስከ ስማዳ የእሳቸውን ድምፅ ሰምቶ ዓይኑ ሳያነባ የተመለሰ የለም። ጎረቤት ሞቶ ሳለቅስ ሰሙኝና፣ «አንቺ፣ ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ወሬሽ ግን ባዶ ነው። ነይ ተከተይኝ» አሉኝ። በዚያው ተከተልኳቸው።

እሜቴ ብርቄ ለቅሶ ቤት ሲደርሱ እንደ ሰው ወደ አልቃሹ አይሄዱም። ቀጥ ብለው በረት ይገባሉ። የሟቹን በሬዎች ያያሉ፣ ስማቸውን ይጠይቃሉ። ከዚያ ሞፈርና ቀንበሩ ከተሰቀለበት ይደርሱና እርፉን በእጃቸው ይዳብሳሉ። ሰውየው ሲያርስ ወደየት ይጫን እንደነበር፣ ግራኝ ይሁን ቀኝ፣ ከእንጨቱ መላጥ ያውቁታል። በመጨረሻ አንድ ጎረቤት ጠርተው፣ «ሲምል ምን ብሎ ይምል ነበር?» ይላሉ።

«ለምንድን ነው መሐላውን የሚጠይቁት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሰው የሚምለው በሚወደው ነው። ሚስቱ እንኳ ያላወቀችውን መሐላው ያወጣዋል» አሉኝ።

መቀነታቸውን ከጎድናቸው ሥር አጥብቀው ያስራሉ። ጠዋት የተልባ ውሃ ይጎነጫሉ፣ ሌላ እህል ለቅሶው እስኪያበቃ ባፋቸው አይዞርም። ሲጀምሩ ዝቅ ብለው ነው፤ «ከላይ ከጀመርሽ መውጫ ታጪያለሽ» ይሉኝ ነበር። አንድ ግጥም አውርደው ሴቶቹ ተቀብለው ደረታቸውን እስኪመቱ ይጠብቃሉ እንጂ ሌላ አይደርቡበትም። እናትየዋን ደግሞ አያዩም። «እናት ዓይን ውስጥ ከገባሽ ድምፅሽ እዚያው ይቀራል። የሟቹን አክስት እይ» አሉኝ። ይህቺን ምክር አንድ ቀን ብቻ ነው የጣስኳት፤ እመጣበታለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ሙት አይሸነገልም። ፈሪውን ጀግና አይሉም፣ ንፉጉን ቸር አይሉም። አንድ የተጠላ ባለርስት ሞቶ ቤተሰቡ ሲጠራን፣ ጉድ ሊፈላ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ግቢውን ዞረው አዩና፣ «አጥሩ! እንዴት ያለ አጥር ነበር! ሌባ ያልደፈረው፣ ለማኝ ያልገባበት!» ብለው አወረዱት። ልጆቹ ኮሩ። ጭሰኞቹ ደግሞ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎትተው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ለሚያይ ሰው ለቅሶ ይመስል ነበር። ለድካማችን ሁለት ቁና ገብስ ተሰፈረልን፤ ሰውየው ቆሞ ቢሆን ኖሮ እሱንም ባላገኘን።

እንዲህ እያልን ስንኖር ከኦጋዴን መርዶ መምጣት ጀመረ።

የኛ አገር ልጅ ርስቱ ሲጠብ ውትድርና ይቀጠራል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ያን ጊዜ ግን የተቀጠሩት ወደ ምሥራቅ ቆላ ነበር የሚላኩት። እዚያ ያለው ሕዝብ አገሩ የኛ ነው፣ ከናንተ ጋር አንኖርም፣ ወገኖቻችን ከወሰን ማዶ ናቸው ብሎ ተነሥቷል። ማዶውም መንግሥት መሬቱ የኔ ነው ይላል፤ የኛውም የኔ ነው ይላል። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የተረዳሁት። ያኔ የምናውቀው ልጅ ሄዶ ልጅ እንደማይመለስ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው የስማዳ ልጅ ነው። እሜቴ ብርቄ ጉልበታቸውን ታመው እኔ ብቻዬን ሄድኩ። በረቱን አየሁ፣ መሐላውን ጠየቅሁ። አሟሟቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ታዲያ ጦር ሜዳ ማለት ለኔ ምንድን ነው? የማውቀው የጋይንትን ገደልና ቋጥኝ ነው። እንዲህ ብዬ አወረድኩ፦

ቋጥኝ ተከልሎ ገደል ተንተርሶ፣
ወደቀ ያ ጀግና ጠላቱን ጨርሶ።

ሴቶቹ ሊቀበሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከዳር ቁስሉ ያልሻረ አንድ ተመላሽ ወታደር፣ «ምን ቋጥኝ? እዚያ አገር የእጅ ድንጋይ አይገኝም። ሜዳ ነው፣ አሸዋ ነው። ልጁ መደገፊያ እንኳ አልነበረውም!» ብሎ ጮኸ።

 የሟቹ እናት ተነሥታ፣ «ይቺ ሴት የምታለቅሰው ሌላ ሰው ነው። የኔን ልጅ አይደለም» ብላ ጥላን ወደ ቤቷ ገባች። ለቅሶው በዚያው ተበተነ። ልጁ ሳይለቀስለት ቀረ። በኛ አገር ከመሞት የሚከፋው እሱ ነው፤ ሬሳውም አልመጣ፣ እንባውም አልወጣ። 

እሜቴ ብርቄ ሲሰሙ አልተቆጡኝም። አልጋቸው ላይ ተጋድመው፣ «እርፉን ሳትነኪ አልቅሰሽ አታውቂም፤ ጦር ሜዳውንስ ለምን ሳትነኪ ገባሽ? ከእንግዲህ አብሮት የነበረ ሰው ካላገኘሽ አፍሽን አትክፈቺ» አሉኝ። እሳቸውም ብዙ አልቆዩ፣ በዚያው ዓመት አረፉ። ራሳቸውን ያለቀስኩላቸው እኔ ነኝ። ምላሳቸውን ስለት ብዬ ነው ያለቀስኩ፤ ሐሰት አልጨመርኩበትም።

አሁን ወደ ሙጬ ልምጣ።

ሙጬ የትርንጎ አንድ ልጅ ነው። ትርንጎ ባሏ የሞተባት፣ አርብ ገበያ አጠገብ ጥቂት ገብስና ባቄላ የምታሳርስ ሴት ናት። ልጁ ኦጋዴን ወርዶ ሲቆይ ሲቆይ፣ ባዬ የሚባል የስማዳ ጓደኛው አንድ ክንዱን አጥቶ ተመለሰና ለሽማግሌ ተናገረ። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ ሄደው አረዷት። ትርንጎ እንደ ሌላዋ እናት አልጮኸችም አሉ። «ማን አለቀሰለት?» ብቻ አለች። ውሃ አልቀምስም፣ ለቅሶም አልቀመጥም፣ መጀመሪያ ይሄን ንገሩኝ አለች። እንዲህ ስትሆንባቸው ነው እኔን የጠሩኝ።

ደርሼ እጇን ስይዛት፣ «የሺ፣ እህቴ» አለችኝ፣ «ልጄ እንደ ውሻ ወድቆ ቀርቶ እንደሆነ እወቂልኝ። እውነቱን። ማባበያ አልፈልግም።»

ባዬን ፈልጌ አገኘሁት። አጥር ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ስለ አሟሟቱ ስጠይቀው፣ «ተይኝ እትዬ። አፍህን ያዝ ብለውኛል» አለ።

«እሺ፣ እሱን ተወው። ሙጬ እዚያ አገር ሲምል ምን ይል ነበር?»

ሳቅ አለ። «‹የጓሳን ምንጭ!› ይል ነበር። ሁላችንም በማርያም በጊዮርጊስ ስንምል እሱ በአገሩ ምንጭ! ውሃ የለማ። ውሃ እንደ ጠላ በጣሳ እየተሰፈረ ነው የሚሰጠን።» ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? ጀምሮ ጨረሰው።

አንድ የውሃ ጉድጓድ ጠብቁ ተብለዋል። የዚያ አገር ሰው ከብቱንና ግመሉን እንዳያጠጣ፣ ተጠምቶ እጁን እንዲሰጥ። አንድ ቀን ቀትር ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ባዶ አቁማዳ ይዛ መጣች። ተመለሺ አሏት። አልተመለሰችም፤ ቁጭ አለች። ሕፃኑ ማልቀስ እንኳ አቅቶት አፉን ይከፍትና ይዘጋል። ሙጬ ጠመንጃውን ለባዬ ሰጥቶ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። አቁማዳዋን ሞልቶ ተሸክሞ ሊሰጣት ሲወጣ ጥይት መጣ።

«ከየት?» አልኩት።

«አላውቅም እትዬ። ከነሱ በኩል ሊሆን ይችላል፤ ካኪውን አይተው ነዋ፣ ወታደር ነው። ከኛ በኩልም ሊሆን ይችላል፤ ትእዛዝ ጥሷል፣ ለጠላት አደረ ብለው። ሁለቱም ወገን ዛሬ ድረስ ያኛው ነው ይላል።»

«ከዚያስ?»

ባዬ ባለችው አንድ እጁ ፊቱን ሸፈነ። «ሴትዮዋ ትሸሻለች ስንል ወደሱ ሮጠች። ሻሿን ከራሷ ፈታ ፊቱን ሸፈነችው። ተንበርክካ አለቀሰች። ቋንቋዋን አላውቅም። ለቅሶ መሆኑ ግን አልጠፋኝም፤ ልክ እንደ እናቶቻችን ወዲያና ወዲህ እያለች ነው። ተኩስ ሲበረታ ነው ሕፃኑን ይዛ የሄደች።»

ለትርንጎ አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ ወረደ። «ተለቅሶለታል!» አለች። «እሰይ፣ ልጄ ተለቅሶለታል! ውሃ ስጡኝ።» ጠጣችና፣ «የፊታችን ዓርብ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ። ይሄንኑ ታወርጂልኛለሽ» አለችኝ።

ዓርብ! ዓርብ ደግሞ ወታደር ቀጣሪዎች ገበያ የሚመጡበት ቀን ነው። ወሬው ለአገሩ ሹም ለምስለኔው ደረሰ። አስጠራኝ። ደብዳቤ እያገላበጠ፣ «ኦጋዴን ጦርነት የለም። ሽፍታ ማሳደድ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ሙጬን ሽፍታ ይሆን የገደለው፣ ጌታዬ?»

«በአሟሟቱ ምን አገባሽ! ማልቀስሽ ካልቀረ በጀግንነት ወደቀ ብለሽ አልቅሺ። ያቺን የጠላት ሴት ግን ብታነሺ ወህኒ ትወርጃለሽ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«የኔ አፍ ዝም ካለ እንጀራም አይገባበት» ብዬው ወጣሁ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ወህኒ ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ቁንጫው ብቻ ይገድላል። መንገድ ላይ፣ ምን ነበረበት ጀግና ብዬ ባልፈው፣ ትርንጎም ትኖራለች፣ እኔም እኖራለሁ አልኩ። ግን ስማዳ ትዝ አለኝ፤ ጥላን የገባችው እናት። እንደገና? ምን ቆርጦኝ!

ዓርብ ሜዳው ሞላ። የሙጬን ኩታ፣ ጅራፉንና ሞፈሩን መሐል ላይ አጋደምን፤ ሬሳ ለሌለው ሰው ወጉ ይህ ነው። ምስለኔው ከነጭ ለባሽ ዘበኞቹ ጋር በስተቀኝ ቆሟል። የገበያው ሙስሊም ሴቶች ከዳር ቆመዋል። መቀነቴን አጠበቅሁ። ዝቅ ብዬ ጀመርኩ። በሬዎቹን ጠራሁ፣ ገብሱን ጠራሁ፣ የጓሳን ምንጭ ጠራሁ። ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረስኩና፣ አክስቱን ማየት ትቼ የትርንጎን ዓይን አየሁ። ድምፄ አልቀረም። ጭራሽ ወጣ።

እናቱ ጋይንት ናት አልደረሰችለት፣
የሰው አገር እናት ሻሿን ጣለችለት።

ማንም አልተቀበለኝም። ሴቶቹ ወደ ምስለኔው ያያሉ። በቃ፣ ስማዳ ሊደገም ነው ስል፣ ከዳር አንዲት ሴት ሰው እየገፋች ገባች። ዘሀራ ናት፣ ጨው የምትሸጠው። መሐሉ ላይ ስትደርስ ሻሿን ከራሷ ፈታ የሙጬ ኩታ ላይ አለበሰችው። ራሷን ገልጣ በሕዝብ መሐል ቆማ አለቀሰች። እኔም ሁለተኛዋን አወረድኩ፦

ጠላት ናት ያሏት ሴት እንባ አፈሰሰች፣
አገሩ ዝም ሲል እሷ አለቀሰች።

ያን ጊዜ ሜዳው ተነቀለ። ልጁ ቆላ የወረደባት ሁሉ የልጇን ስም እየጠራች ደረቷን መታች። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁ። ነጭ ለባሾቹ ራሳቸው እያለቀሱ ነው የያዙኝ።

ወህኒ አስገቡኝ። በማግሥቱ ትርንጎ እናቶችን ሰብስባ የምስለኔው ቢሮ በር ላይ ለቅሶ ተቀመጠች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በሕይወት ያለውንም የሞተውንም ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ ሲያለቅሱ ሰነበቱ። ቢሮ የሚገባ ባለጉዳይ ጠፋ፤ በለቅሶ መሐል ተራምዶ ማን ይገባል? ኋላ ምስለኔው ወጥቶ፣ «ኧረ ማን ሞቶ ነው እንዲህ የምትሆኑት?» ብሎ ጮኸ።

ትርንጎ ከተቀመጠችበት ቀና አለችና፣ «እሱን እኮ ነው እኛም የምንጠይቅዎት፣ ጌታዬ!» አለችው።

ወደ ቢሮው ተመልሶ ገባ። እኔን አስፈታና፣ «ሁለተኛ ወታደር እንዳታለቅሺ!» አለኝ። «ሁለተኛ አይሙቱብኛ!» አልኩት። ሞቱ፤ እኔም አለቀስኩ። ቅጥሩን አስቆምኩት ብዬ አልኩራራም፤ ድሃ ልጅ በሚቀጥለውም ዓርብ ተቀጥሮ ሄዷል። በዚያ አገርም እነሆ መንግሥት ሲለዋወጥ የኛ ነው፣ የኛ ነው እንደተባባሉ ይኖራሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ጋይንት ውስጥ ከቆላ የመጣ መርዶ በሐሰት አልተለቀሰም፤ እኔ እያለሁ አይሆንም።

ይሄን ሁሉ ለመምሬ ገብሬ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። ለስለስ ብለው፣ «የሺ፣ ለሌሎቹ ለቅሶዎች ስገጂ። ለዚህችም ጥቂት ስገጂና ቆብሽን ልጭንልሽ» አሉኝ።

«ለሌሎቹ ጉልበቴ እስኪላጥ እሰግዳለሁ። ለዚህች አንዲትም አልሰግድ። እንዲያውም ያቺን ሴት ማታ ማታ በጸሎቴ አነሣታለሁ።»

«ያልተጠመቀችውን? ስሟን እንኳ ሳታውቂ! ምንሽ ናትና?»

«የሙያ ጓደኛዬ ናት» አልኳቸው። «ለሙጬ እኔ የደረስኩት ሁለተኛ ነው።»

ቆቡ ቀረ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለችው ጎጆዬ ያለ ቆብ ተቀምጫለሁ። አንዳንድ መነኮሳት በአጠገቤ ሲያልፉ ራስ ራሴን ያያሉ። ይዩ! ዘሀራ ያን ቀን ሻሽሽን ውሰጂ ብትባል እምቢ አለች፤ ትርንጎ እስክትሞት ከራሷ አላወረደችውም፣ ስትሞት ሻሹ ለየሺ ይሰጥ ብላ ተናዘዘች። እሱን አስሬዋለሁ።